የውሃ አባት በሰው ምንጭ ዳር

በ፲፰፻፴ ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር፣ የዑማን ሱልጣን ዙፋናቸውን ከማስቀት ወደ ዘንጂባር በሚያሻግሩበት ዘመን፣ አንዲት አሮጌ የእንጨት መርከብ፣ ሳምቡክ የሚሏት ዓይነት፣ ሸራዋን በጠዋት ነፋስ ነፍታ ከሰሜን ወደ ደቡብ ትወርድ ነበር። በዚያ ወራት በዚያ ባሕር ላይ የሚወርደው መርከብ ብዙ ነው፤ መድፍ የተጫነባቸው የሱልጣኑ መርከቦች አሉ፤ ነጋዴዎች፣ ቃዲዎች፣ ባለሟሎችና ሹመት ፈላጊ መኳንንት ከነአሽከሮቻቸው የተሳፈሩባቸው አሉ፤ ታሪክ ጸሐፊዎች የነዚያን ስም፣ የጫኑትን ዕቃ፣ ወደብ ሲገቡ የተተኮሰላቸውን መድፍ ሳይቀር ጽፈዋል። ይህችን ሳምቡክ ግን የጻፋት የለም። የጫነችው አንድ ቤተሰብ፣ ጥቂት ተምር፣ የደረቀ ዓሣ፣ አንድ የወፍጮ ድንጋይና አንድ ስማቸው የጠፋ ሽማግሌ ነበርና፣ ለብራና የሚበቃ ክብር አልነበራትም።

ከአገሩ በፊት ሽታው መጣ። የረጠበ አፈር፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ስሙን የማያውቁት አበባ ሽታ በነፋሱ ላይ ተሳፍሮ ደረሰና ከመርከቧ ወለል ላይ የተኙትን ሁሉ ቀና አደረጋቸው፤ ቀጥሎም በባሕሩ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ መስመር ታየ።

«ደረስን! ፔምባ ናት!» ብሎ ጮኸ መሪውን የያዘው ፈረጅ። ፈረጅ የሱር ከተማ መርከበኛ ነው፤ በዚህ ባሕር ሲመላለስ ጢሙ ሸብቷል፤ ቀልዱ ግን አልሸበተም። «አረንጓዴዪቱ ደሴት! እንኳን ዘር ድንጋዩም ይበቅላል ብያችሁ አልነበር?»

«ብለኸን ነበር» አለችው ዙዌና፣ ሕፃኗን በጥላዋ እንደ ከለለች። «ባለፈውም ደመና አይተህ ‘ፔምባ ናት’ ብለኸን ነበር።»

«ያቺ ሌላ ፔምባ ናት። ብዙ ናቸው።»

የሚስቅ ጉልበት ያለው አልነበረም፤ ከንፈር ሲስቅ ይሰነጠቅ ነበርና። ሽማግሌው ሙሀና ቢን ሰይፍ ግን የቀልዱን ነገር ከነጭራሹ አልሰሙም። በምሰሶው ተደግፈው ተነሡ፤ መዳፋቸውን በቅንድባቸው ላይ አድርገው ያንን አረንጓዴ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይኼ ሁሉ ዛፍ የማነው?» አሉ።

«የአላህ ነዋ፣ አባ ሙሀና» አለ ፈረጅ።

«እሱንማ አውቃለሁ። ከአላህ የተቀበለው ማነው ማለቴ ነው።»

ሙሀና ቢን ሰይፍ ከባሕር ርቆ፣ ከተራራ ሥር በተኛ የተምር መንደር የውሃ አባት ነበሩ። በዚያ አገር ዝናብ እንግዳ ነው፤ ውሃ ከተራራው ሆድ በምድር ውስጥ በተቆፈረ ቦይ ይመጣል፤ ከመንደሩ ሲደርስም የአንድ ሰው ውሃ ሆኖ አያውቅም። እያንዳንዱ ቤት ተራ አለው፤ ተራው በቀን የሚለካው በመሬት ላይ በተተከለ እንጨት ጥላ ነው፤ ጥላው ከምልክቱ ሲደርስ የአንዱ መዝጊያ ድንጋይ ይወርዳል፣ የሌላው ይነሣል። ያንን ጥላ የሚያየው፣ ሲጣሉ የሚዳኘው፣ በሠርግም በለቅሶም ከፊት የሚቀመጠው የውሃ አባት ነው። ሙሀና ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ጥላውን አይተዋል፤ ወንድማማቾችን አስታርቀዋል፤ በገዛ ወንድማቸው ላይ አንድ ጊዜ ፈርደዋል።

ቦዩ በቀጠነበት በጋ ግን አንድ ጠዋት የመዝጊያው ድንጋይ ከቦታው ተነሥቶ፣ ውሃው ያለ ተራው ወደ ሙሀና ተምር ሲፈስ ተገኘ። ማን እንዳነሣው አልታወቀም። ሙሀና በመስጊድ ቆመው ማሉ፤ ሽማግሌዎቹም መሐላውን ተቀበሉ፤ የተቀበሉት ግን በአፋቸው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ እሳቸው በደጅ ሲያልፉ ሴቶች የውሃ ጋናቸውን መክደን ጀመሩ። የሰደባቸው የለም፤ የከሰሳቸውም የለም፤ ክዳኑ ብቻ ጠቅ ይል ነበር። ያ ድምፅ ነው ከአገር ያስወጣቸው።

መርከቢቱ የምራታቸው የዙዌና ቢንት ሐመድ ናት። ዙዌና የሱር ልጅ ናት፤ አባቷ የመርከብ አዛዥ ነበር፤ ወንድ ልጅ ስላልወለደ ሳምቡኩን ለሷ ትቶላት ሞተ። ዘህራን የሚባለው የሙሀና ልጅ ሲያገባት መርከብም አብሮ አገባ፤ እሷም ይህን እንዲረሳ ፋታ ሰጥታው አታውቅም። ነፋስ ማንበብ፣ ሸራ መጥቀም፣ መጽሐፍም ማንበብ ማንም ሳያስተምራት ለብቻዋ የተማረች ሴት ነበረች፤ ምላሷንም እንደዚሁ ለብቻዋ ስለሳለችው የሚያለዝብላት አልተገኘም።

በመንገድ ላይ፣ በሶማሌ ጠረፍ ካለው ከሐፉን ራስ በታች፣ ማዕበል መታቸው፤ የመጠጥ ውሃ የሚያዝበት ትልቁ የእንጨት ሣጥን ተሰንጥቆ የባሕሩ ጨው ገባበት። የተረፈው በሁለት ገንቦ ያለው ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ሙሀና ከተኙበት ተነሥተው፣ «ማደሉን ለኔ ተዉት» አሉ፤ ሌላ የሚያውቁት ሥራም አልነበራቸው። በኮኮናት ቅርፊት ጽዋ እየለኩ ለሁሉም ያደርሳሉ፤ በመጨረሻ የራሳቸውን ቀድተው ጀርባቸውን ወደ ሰዉ አዙረው ይጠጣሉ፤ ከዚያ ለምታጠባዋ ምራታቸው ጥቂት ይጨምራሉ። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። ዙዌናም ይህን የጀርባ ነገር ብዙ ጊዜ አየችና አንድ ቀን አልቻለችም።

«አባቴ፣ ጀርባዎ እንዴት ያምራል!» አለቻቸው ሁሉም እየሰማ። «ውሃ በታደለ ቁጥር የምናየው እሱን ብቻ ነው።»

ዘህራን አመድ መሰለ። በአባቱ ላይ በአገር ሙሉ የተባለው ነገር፣ አሁን በገዛ መርከባቸው፣ በገዛ ሚስቱ አፍ ተደገመ። ሽማግሌው ግን ዞር ብለው አዩዋትና፣ «ጠጪ፣ ልጄ፤ ሕፃኗ ትጠባለች» ብቻ አሉ። ጽዋዋን ሞሉላት። እሷም የሚገባት መስሏት ጠጣችው።

እንግዲህ በዚያ ጠዋት ፈረጅ ሳምቡኳን ጨው ውሃ ውስጥ ሥራቸውን በዘረጉ ዛፎች መካከል ወደ አንዲት ጸጥ ያለች ወሽመጥ አስገባት፤ መልሕቅ ተጣለ። ዘህራን ባዶ ገንቦዎቹን፣ ዙዌና ትንሿን ረያን ይዘው እስከ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ወረዱ፤ ሙሀናን ፈረጅ ደገፋቸው። ከዛፎቹ ሥር፣ በነጭ አሸዋ ላይ፣ ጥርት ያለ የምንጭ ውሃ እየተንቆረቆረ ወደ ባሕሩ ይገባ ነበር፤ ማንም ሳይከለክለው፣ ማንም ሳይለካው።

ዘህራን በጉልበቱ ወድቆ ገንቦውን አጋደለ።

«ቁም!» አሉ ሙሀና።

ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ያ በቦዩ አፍ ላይ ቆመው ሁለት ጠበኛ የሚገላግሉበት ድምፅ ነበር። ዘህራን የሰማው እንደ ልጅነቱ ነው፤ እጁ በአየር ላይ ቀረ።

«ድንጋዩን እዩት» አሉ ሽማግሌው፣ በበትራቸው ወደ ምንጩ ዳር እያመለከቱ። በእርግጥም ጥቂት ድንጋዮች በውሃው ውስጥ ተሰልፈው ነበር። «ድንጋይ ለብቻው ተሰልፎ አይተኛም። ይኼን የደረደረ እጅ አለ። ይኼ ውሃ ባለቤት አለው፤ ተራም አለው። ዛሬ የማን ተራ ነው?»

 የመለሰላቸው ፈረጅ ነበር።

«አባ ሙሀና፣ ውሃው እኮ ወደ ባሕር እየገባ ነው! ባለተራ ካለው ባሕሩ ነው። እሱን ደግሞ ስንት ጊዜ በማዕበል ተጋትነው፤ አንድ ቀን አልከሰሰንም።»

«በአገራችሁ የተጠማ ይጠጣል የሚል ሕግ አልነበረም?» አለች ዙዌና። «ወይስ እሱም ከሣጥኑ ጋራ ተሰነጠቀ?»

«ሕጉ አለ፣ ልጄ። የተጠማ በመዳፉ ጨልፎ ይጠጣ። ጠጡ፤ ለሕፃኗም አቅምሷት። ገንቦ ግን አይሞላም። የማን እንደ ሆነ ሳናውቅ ተሸክመን አንሄድም።»

ጠጡ። እንዴት እንደ ጠጡ ለመግለጽ የሚቃጣው ተጠምቶ የማያውቅ ነው። ዙዌና ጣቷን በውሃው ነክራ በረያ ከንፈር ላይ አደረገች፤ ሕፃኗ መጀመሪያ ፊቷን አጨማደደች፤ ቀጥላ የእናቷን ጣት እንደ ጡት ያዘችው። ዘህራን እየጠጣ ያለቅስ ነበር፤ ፈረጅ እየጠጣ ይስቅ ነበር። ዙዌና ጠግባ ቀና ስትል አማቷ ከምንጩ ራቅ ብለው በአንድ ዛፍ ሥር ላይ ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው ደረቅ ነው።

«አይጠጡም?»

«ቆይ፤ ይምጡ።»

«እነማን?»

«ባለቤቶቹ።»

«ጉድ ነው! ለካ በመርከብ ላይ ጠግበዋል» አለች ዙዌና።

ከፈረጅ ፊት ላይ ሳቁ ጠፋ። አፉን በእጁ ጠረገና ተነሣ።

«አንቺ ልጅ» አለ፣ «አባትሽ ጓደኛዬ ነበር፤ ስለዚህ ልቆጣሽ ይገባኛል። እኔ መሪው ላይ ነበርኩ። ሰውዬው ጀርባቸውን ለእናንተ ሲያዞሩ ፊታቸው ወደኔ ነበር። ጽዋውን ወደ ከንፈራቸው ያደርሱና፣ በአንዲት ጠብታ አርሰውት ጽዋውን ይመልሱታል። ያ ከኋላ የሚጨመርልሽ ምን መሰለሽ? እንዳልናገር በሕፃኗ ስም አስምለውኝ ነው። ይኸው መሐላዬን በላሁ። የራሳቸውን ድርሻ ነው ስትጠጪ የከረምሽው።»

«ፈረጅ!» አሉ ሙሀና።

«ምን ልሁን፣ አባ ሙሀና? ይሙቱና ልንገራት?»

ዙዌና ልጇን ለባሏ አስታቅፋ ወደ ምንጩ ተመለሰች፤ በሁለት መዳፏ ውሃ ጨልፋ አማቷ ፊት ተንበረከከች። ከቅርብ ስታያቸው ምላሳቸው ያበጠ፣ ዓይናቸው የጎደጎደና የፈዘዘ መሆኑን አየች፤ ይህን ሁሉ እንዴት ሳታይ ቀረች? የምታየው ጀርባቸውን ብቻ ነበር።

«ይጠጡ፣ አባቴ። ሕጉ ለእርስዎም ሕግ ነው።»

«ሕጉ ቃሉ ለሚታመን ሰው ነው» አሉ ሙሀና፣ ቀስ ብለው፤ ቃል ባወጡ ቁጥር ጉሮሮአቸው ይንቃቃ ነበር። «እኔ ብጠጣ፣ ባለቤቱ መጥቶ ‘ማን ፈቀደልህ?’ ይለኛል። ‘ጠምቶኝ ነው’ እላለሁ። ያኔም ‘አልነካሁም’ ብዬ ነበር። አገር ሙሉ፣ አብሮኝ ያደገ ሰው አላመነኝም፤ እዚህ ማን ሊያምነኝ? ልጄ፣ አዲስ አገር ገብቼ የመጀመሪያዋን ጉንጭ እንደ ሌባ አልውጣትም። ተይኝ።»

ውሃው በጣቶቿ መካከል እየሾለከ አለቀ። ዘህራን የአባቱን እግር ይዞ ለመነ፤ በልጅ ልጃቸው ለመነ፤ በሞተችው እናቱ ለመነ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንዲህ ያለ ግትርነት የተራራ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ዙዌና ብዙ ጊዜ ስቃበታለች። አሁን ግን ይህ ሰው እስከ ማታ እንደማይደርስ አየች።

«እሺ» ብላ ተነሣች፤ የእጇን ውሃ በልብሷ አልጠረገችውም። «ባለቤት ካለው ባለቤቱን አመጣለሁ።»

«የት ታውቂውና?» አለ ዘህራን።

«ውሃው ያውቀዋል። ወደ ላይ እከተለዋለሁ።»

«እኔ ልሂድ እንጂ!»

«አንተማ ጩቤ ታጥቀሃል፤ ትከሻህም ይኼን ያህላል። እንዳንተ ያለ ሰው ከባሕር ወጥቶ ሲጣራ ማን ‘አቤት’ ይላል? ልጅህን ይዘህ፣ አባትህን በጥላ አቆይ። ፈረጅ፣ በነሱ ቋንቋ ‘የውሃ ባለቤት’ እንዴት ነው?»

«ምዌንዬ ማጂ» አለ ፈረጅ። «ጩኺ፤ እሱን ታውቂበታለሽ።»

ሄደች። ምንጩ በትልልቅ ቅጠሎች ሥር እየገባ ይወጣል፤ መሬቱ ከእግሯ በታች እንደ እንጀራ ይለሰልሳል፤ በየዛፉ ሥር የወደቀ ፍሬ አለ፤ የሚያነሣው አጥቶ ይበሰብሳል። ርቧት ነበርና አንዱን ልታነሣ ጎንበስ አለች፤ ነገር ግን እጇ በራሷ ጊዜ ተመለሰ። ሽማግሌው በእጇ ላይ የተቀመጡ መሰላት፤ ተናደደች፤ ፍሬውን ግን አልነካችም። «ምዌንዬ ማጂ!» እያለች ትጣራለች፤ ወፎች ከቅርንጫፍ ይነሣሉ፤ የሚመልስ የለም። ወደ አንድ የጎደሬ እርሻ ደረሰች፤ ሣር የለበሱ ጥቂት ቤቶች፣ እሳቱ ያልጠፋ ምድጃ፣ የተገለበጠ ሙቀጫ አየች፤ ሰው ግን አልነበረም። ባለቤቶቹ አሁን ገና የሸሹ ይመስላል።

«ምዌንዬ ማጂ!» ብላ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች።

«አትጩኺ፤ ዶሮዎቼን አስደነገጥሻቸው» የሚል ድምፅ ከኋላዋ ሰማች፤ ያውም በዐረብኛ፣ በመርከበኛ ዐረብኛ።

ከሙዝ ተክሎች መካከል የወጡት አጭር፣ ወፍራም አሮጊት ናቸው፤ በእጃቸው ማጭድ ይዘዋል። ከኋላቸው ጦርና ቀስት የያዙ ወንዶች ነበሩ፤ የአንዱ ቀስት ተወጥሯል። ዙዌና እጆቿን ዘረጋች።

«እርስዎ ነዎት የውሃው ባለቤት፣ እናቴ?»

«መጀመሪያ የኔን ጥያቄ መልሺ» አሉ አሮጊቷ። ቢ ምዋናኢዲ ይባላሉ፤ የመንደሩ ታላቅ ናቸው። ዐረብኛውን ያስተማራቸው የሐድረመውት መርከበኛ የነበረ ሁለተኛ ባላቸው ነው፤ ጨው ላምጣ ብሎ ሄዶ እስከ ዛሬ እያመጣ ነው። «ሸራችሁ ከታየ ጀምሮ ከዛፉ ላይ እያየናችሁ ነው። ባለፈው ዓመት እንደናንተ ያለ መርከብ መጥቶ ውሃ ቀዳ፤ ፍየል ወሰደ፤ ሁለት ልጅ ደግሞ ከእርሻ አንሥቶ ሄደ። ይኼ የወንድሜ ልጅ እናንተንም እንደ ወረዳችሁ ሊወጋችሁ ነበር። እኔ ነኝ ‘ቆይ፣ ገንቦውን ይሙሉ፤ ሙሉ ገንቦ የተሸከመ አይሮጥም’ ያልኩት። እናንተ ደግሞ አትሞሉም! ገንቦው አጠገባችሁ፣ ውሃው አጠገባችሁ፤ ቁጭ ብላችሁ ትጨቃጨቃላችሁ። ጠብቀን ጠብቀን ክንዳችን ዛለ። ምን ዓይነት ሌቦች ናችሁ?»

«ሌቦች አይደለንም።»

«እሱንማ አየሁ። እብዶች ናችሁ ወይ ነው ጥያቄዬ። ያ ሽማግሌ ምን ሆኖ ነው የማይጠጣው?»

ዙዌና ነገረቻቸው። በአጭሩ ልትናገር አስባ ነበር፤ ግን ነገሩ በአጭሩ አልወጣም። ስለ ጥላውና ስለ ተራው ስትነግራቸው ቢ ምዋናኢዲ ሳቁ፤ ለወንዶቹ በቋንቋቸው ሲተረጉሙላቸው እነሱም ሳቁ፤ ቀስቱን የወጠረው ልጅ ሳቁ አሸንፎት ቀስቱን ዝቅ አደረገ። ውሃን በጥላ የሚለካ አገር! ቀጥላ ስለ መዝጊያው ድንጋይ፣ ስለሚከደነው ጋን ነገረቻቸው። አሮጊቷ መሳቅ አቆሙ።

«ሌባ የሚል ስም ተሸክሞ ነው ባሕር የተሻገረው?»

«አዎ» አለች ዙዌና። «መርከብ ላይም እኔ ደገምኩባቸው። የሳቸውን ውሃ እየጠጣሁ።»

ቢ ምዋናኢዲ ማጭዳቸውን በወገባቸው ሻጡ።

«ነይ» አሉ። «ቶሎ። ይኼ ዓይነቱ ሰው ግትር ነው፤ ሳይጠጣ ይሞትና ሬሳውን ለኛ ያስቀብረናል።»

ሲደርሱ ሙሀና በልጃቸው ደረት ላይ ተደግፈዋል፤ ዘህራን በራሱ ጥላ ፀሐይን ከልክሎላቸዋል። ዘህራን ጦር የያዙትን ሰዎች አይቶ እጁን ወደ ጩቤው ሲሰድ፣ ፈረጅ ክንዱን ያዘው። ሽማግሌው የእግር ኮቴ ሰምተው ዓይናቸውን ገለጡ። ሊነሡ ሞከሩ፤ አልቻሉም፤ ቢሆንም ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«ውሃው የእርስዎ ነው?» አሉ።

ዙዌና የተናገሩትን ልትደግም ስትል ቢ ምዋናኢዲ በእጃቸው አስቆሟት፤ ሰምተዋል። አሮጊቷ ወደ ምንጩ አዩ፤ በአሸዋው ላይ እየተበተነ ወደ ባሕር ሲገባ አዩት፤ ከዚያም እንደ አንድ ትልቅ ባለ ርስት ወገባቸውን ይዘው ቆሙ።

«የኔ ነው» አሉ። «ከአያቴ የወረስኩት።»

«እንግዳ ነን። ጠምቶናል። ልጆቼ በመዳፋቸው ጠጥተዋል፤ ገንቦ አልሞሉም። እኔ አልነካሁም። የዛሬው ተራ የማን ነው?»

«ያንተ ነው።»

«እስከ መቼ?»

ቢ ምዋናኢዲ ይህን ጥያቄ አልጠበቁትም። በሕይወታቸው ውሃ ‘እስከ መቼ’ እንዳለው ሰምተው አያውቁም። ዘወር ብለው ሰማዩን አዩ፤ ከዛፎቹ በላይ ደመና ይሰበሰብ ነበር።

«እስኪበቃህ» አሉ። «ተናግሬያለሁ፤ እነዚህም ምስክር ናቸው። ጠጣ።»

ዙዌና የኮኮናቱን ጽዋ ከምንጩ ሞልታ አመጣችላቸው። ሙሀና በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከልማዳቸው የተነሣ ትከሻቸው ወደ ዛፉ ዞር ማለት ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን መንገድ ላይ ቆመ። ተመለሱ። ፊታቸውን ወደ ምራታቸው፣ ወደ ልጃቸው፣ ወደነዚያ ጦር የያዙ እንግዶች አድርገው፣ ሁሉም እያያቸው፣ ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ጠጡ። ሲጨርሱም ጽዋውን ገልብጠው ባዶውን አሳዩ።

ዙዌና ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

«አሁን ደግሞ አልቅሰሽ ጨርሺው!» አለ ፈረጅ። «አሁን ገና የጠጣሽውን ውሃ በዓይንሽ ልታወጪው ነው? ገንቦውን እንሙላ እንጂ!»

ገንቦው ግን ከምንጩ አልተሞላም። ደመናው በአንድ ጊዜ ተቀደደና ዝናቡ ወረደ፤ በዚያ አገር እንደሚወርደው፣ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በባልዲ እንደሚደፋ። የፔምባ ሰዎች ወደ ዛፍ ሥር ተጠለሉ። የዑማን ሰዎች ግን አብደው ተነሡ፤ ዘህራን ገንቦዎቹን አሰለፈ፤ ፈረጅ ጥምጥሙን ፈትቶ ዘረጋ፤ ዙዌና ነጠላዋን በአራት ማዕዘን ወጥራ አንዲት ጠብታ እንዳታመልጣት በዝናቡ ውስጥ ወዲህና ወዲያ ሮጠች፤ ሽማግሌው ሙሀናም ከተቀመጡበት «በስተግራ! በስተግራ ይፈሳል!» እያሉ ያዝዙ ነበር። ቢ ምዋናኢዲ በዛፉ ግንድ ተደግፈው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ።

«ተዉት፣ እናንተ ሰዎች!» አሉ። «ነገም ይመጣል!»

የሰማቸው የለም። ወይም ሰምተው አላመኗቸውም።

እዚያው ቀሩ። ሳምቡኳ በወሽመጡ ውስጥ ዓሣ አጥማጅ ሆነች፤ ዘህራን የሚስቱ መርከብ አዛዥ ሆኖ አረጀ። ሙሀናም ከጎደሬው እርሻ ዳር ጥላ የሚለኩበት እንጨት ተከሉ፤ ማንም አልፈለገውም፤ ማንም አልነቀለውም። የመንደሩ ሴቶች ምሳ መቼ እንደሚጣድ እየመጡ ይጠይቋቸው ነበር፤ እሳቸውም እንደ ትልቅ ዳኝነት ጥላውን አይተው ይመልሱ ነበር። ጋኑን የከደነባቸው የለም።

ሙሀና ሲሞቱ ቢ ምዋናኢዲ በለቅሶው ላይ ከዙዌና አጠገብ ተቀምጠው አንድ ነገር ሹክ አሏት።

«ልንገርሽ፤ ያ ውሃ የኔ አልነበረም። ድንጋዩን የደረደሩት ልጆች ናቸው፤ ሲጫወቱ። የውሃ ባለቤት አለ ሲባል ያን ቀን ካንቺ መስማቴ ነው። ሰውዬው እንዳይሞት ብዬ ዋሸሁ።»

«አውቃለሁ» አለች ዙዌና። «እሳቸውም ያውቁ ነበር።»

«እንዴት?»

«የውሃ አባት ነበሩ እኮ! ዓይናቸው ሲጠራ በማግስቱ ሄደው ድንጋዩን አዩት። ውሃውን ወደ የትም እንደማያደርስ ገባቸው። ‘ታዲያ አታለሉዎት አይደል?’ ብላቸው፣ ‘ውሃ መች ጠየቅኋት’ አሉኝ። ‘እንድታምነኝ ነበር የጠየቅኋት፤ አመነችኝ።’»

ታሪክ የዚያን ዘመን ብዙ ነገር መዝግቧል። የሱልጣኑን ቤተ መንግሥት፣ የመርከቦቹን ስም፣ የቅርንፉዱን ደን ያስታውሳል። በዚያው ነፋስ ተነድተው፣ በዚያው ወሽመጥ ገብተው፣ ባለቤቱን ሳይጠይቁ ዛፉን የቆረጡትን፣ መሬቱን የከለሉትን፣ ሰውን በሰንሰለት የነዱትንም ያስታውሳል፤ ከነሱም ብዙዎቹ የሙሀና አገር ሰዎች ነበሩ፤ ይህን መጻፉም ተገቢ ነው፤ አንድ ሽማግሌ ሳይጠይቅ አልጠጣም በማለቱ የሌሎቹ በደል አይታጠብም። የጠየቀው ሰው ግን በአንድም መጽሐፍ የለም።

ዙዌና እስክታረጅ ድረስ ጋኗን ይዛ ወደዚያ ምንጭ ትወርድ ነበር። ሁልጊዜ ከዳር ትቆማለች፤ «ምዌንዬ ማጂ!» ብላ ትጣራለች፤ የልጅ ልጆቿ ይስቁባታል። የሚመልስላት የለም። ጥቂት ትጠብቃለች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ትሞላለች።